የሚራገብ ወሬ

ልጆቼ፣ ዛሬ ስለ ወሬ ማራገብ ላውጋችሁ። ማራገቢያ እሳት ያነዳል እንጂ እንጨት አይሆንም፤ ምጣድ የጣደች ሴት ይህን ታውቀዋለች።

ማራገብ ሁልጊዜ ክፉ ነው አልልም። በ1933 ዓ.ም. ከጃንሆይ ጋር ጎጃም የገባው የጌዴዎን ጦር ትንሽ ነበር፤ ቡሬ የመሸገው የጣልያን ጦር ብዙ እጥፍ ይበልጠው ነበር። የጦሩ አዛዥ እንግሊዛዊው ዊንጌትና አብረውት የዘመቱት በሌሊት ተኩስ፣ በድምፅ ማጉያና በሚበተን ወረቀት ራሳቸውን ትልቅ ጦር አስመስለው አስወሩ። ጠላት አመነ፤ የካቲት መጨረሻ ላይ ቡሬን ለቆ ወጣ። ወደ ደምበጫ ሲያፈገፍግ ግን የጌዴዎን ጦር ክፍል የሆነው ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ መንገድ ላይ ገጠመው። እዚያ ወሬ አልተዋጋም፤ የተዋጋውም የወደቀውም ሰው ነው።

ያ በጠላት ላይ ነበር። ዛሬ እርስ በርሳችን ላይ ስናራግብ ነው የሚከፋኝ።

በ2013 ዓ.ም. የቡሬው የዘይት ፋብሪካ ሲመረቅ በቀን 1.5 ሚሊዮን ሊትር የማምረት አቅም አለው ተባለ። ወሬው ፍኖተ ሰላም ገበያ ሲደርስ «አቅም» የምትለዋ ቀርታ ዘይት በየቤታችን የሚፈስ መሰለን። ኑጉ፣ አኩሪ አተሩ፣ የውጭ ምንዛሪው፣ መብራቱ ሳይሟላ ፋብሪካ በሙሉ አቅሙ እንደማይሠራ የሚያስብ አነሰ። በዓመቱ የዘይት ዋጋ ሲንር ለብዙ ሰው ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ሆነበት። ፋብሪካውን አልነቅፍም፤ አገር የሚጠቅም ሥራ ነው። የምነቅፈው አራጋቢውን ነው።

የገበሬው ይብሳል። አንዱ ቡሬ ገበያ ቆሞ «ዘንድሮ በርበሬ ይወደዳል» ብሎ ያራግባል። ሰሚው የልጆቹን የቀለብ በቆሎ ማሳ ለበርበሬ ይሰጣል፣ ለማዳበሪያ ይበደራል። ጎረቤቱም ያንኑ ሰምቶ ያንኑ ዘርቷልና ምርቱ ሲገባ ገበያው ይጥለቀለቃል፣ ዋጋው ይወድቃል። ያራገበው ሰው አንድ ኩንታል አልከሰረም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ቃሉን የሚመልሰው የለም፣ ዕዳው ግን ቤት ገብቶ ይቀመጣል።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ደጃችሁ ሲመጣ አታባርሩት። አስቀምጡትና ጠይቁት፦ አንተስ ስንት ጥማድ ዘራህ? ገዢው ማን ነው? ዋጋው በውል ሰፍሯል ወይስ በአፍ ነው? መልስ ካለው ስሙት። ከሌለው ቡናውን ጠጥቶ ይሂድ፤ እናንተም በቆሏችሁን ዝሩ።