በክፉ ቀን የተገዛ በሬ

ገበሬው በድርቅ ዘመን በሬውን ገበያ ያወጣል። ነጋዴው የበሬውን አጥንት በዓይኑ ይቆጥርና ዋጋ ይጠራል። ገበሬው ሣር የለው፣ እህል የለው፤ «እሺ፣ ይሁን» ይላል። በዓመቱ ዝናብ መጣ፣ በሬው ሰባ፣ ዋጋውም ብዙ እጥፍ ሆነ። ነጋዴው በደለ ወይስ አልበደለም? ቶሎ መመለስ ያስቸግራል። ድርቁን እሱ አላመጣውም፤ በሬው በእጁ ሊሞትበትም ይችል ነበር እኮ!

የዛምቢያ መዳብ ይህንኑ ጥያቄ በዶላር አስልቶ ያቀርብልናል። በካውንዳ ዘመን መንግሥት የያዘው ማዕድን በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የኪሳራ ሸክም ሆኖ ለሽያጭ ቀረበ። ትልቁን ክፍል፣ ኮንኮላን፣ የገዛው አንግሎ አሜሪካን እንኳ መዳብ በቶን 1500 ዶላር አካባቢ ሲወርድበት በ2002 ጥሎ ወጣ። በ2004 የሕንዳዊው ባለሀብት የአኒል አጋርዋል ኩባንያ ቬዳንታ 51 በመቶውን በ25 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። በ2006 የመዳብ ዋጋ በቶን ከ8000 ዶላር አለፈ። የመንግሥት ሮያሊቲ ግን 0.6 በመቶ ነበር፤ በችግር ቀን የተፈረመ ውል ነዋ!

እስከዚህ ድረስ እኔ ነጋዴውን አልከሰውም፤ ዕድል ነው። የሚከነክነኝ ሌላ ነው። በ2013 መጨረሻ ኩባንያው ከ1500 በላይ ሠራተኞችን ሊቀንስ አቅዶ ከመንግሥት ጋር ተጋጨ። ከወራት በኋላ ባለሀብቱ ማዕድኑን በ25 ሚሊዮን እንዴት እንዳገኙትና በየዓመቱ ቢያንስ 500 ሚሊዮን ዶላር እንደሚሰጣቸው በኩራት ሲናገሩ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጣ። ለሠራተኛው የሚነገር ሒሳብ አንድ፣ ለእንግዳ የሚነገር ሒሳብ ሌላ። በርካሽ መግዛትን ይቅር ያልኩት እኔ ይህን ይቅር ለማለት አፌ አይታዘዝልኝም።

ደግሞስ ሻጩ ማን ነበር? ውሉን የፈረሙት ባለሥልጣናት በቺንጎላ አካባቢ የወንዝ ውኃ የሚጠጡ አይደሉም። የሚጠጡት መንደርተኞች «ማዕድኑ ውኃችንን በከለ» ብለው ለንደን ድረስ ሄደው ከሰሱ። የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2019 ክሱ እዚያው እንዲታይ ፈቀደ፤ በ2021 በስምምነት አለቀ። ገበሬው በሬውን ሸጠ እንበል፤ ጎረቤቱስ ምን ሸጠ?

በዚያው በ2019 መንግሥት ማዕድኑን ከቬዳንታ እጅ አወጣ። በ2020 ዛምቢያ የውጭ ዕዳዋን መክፈል አቃታት። በ2024 ማዕድኑ ተመልሶ ለቬዳንታ ተሰጠ። በሬው እንደገና ገበያ ወጣ፤ ያው ነጋዴ፣ ያው ክፉ ቀን።