ወገኑን የማይለይ ወታደር

ምስጋና ለአላህ (ሱ.ወ) ይሁን፤ ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ይስፈን።

ቁርአን በሱረቱ አዝ-ዛሪያት ወደ ገዛ ነፍሳችን እንድንመለከት ይጋብዘናል። ዛሬ የምንመለከተው ከደረት አጥንታችን ጀርባ፣ ከልብ ከፍ ብሎ የሚገኘውን ታይመስ የተባለ እጢ ነው። ሐኪሞች ለረጅም ዘመን እንደ ትርፍ ነገር ይቆጥሩት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1961 ዣክ ሚለር የተባለ ተመራማሪ ለንደን ውስጥ ገና ከተወለዱ አይጦች ላይ ቢያወጣው ግን አይጦቹ በሽታ መቋቋም ተሳናቸው።

በአጥንት መቅኔ የሚፈጠሩ፣ ምን እንደሚሆኑ ገና ያልለየላቸው ሴሎች በደም ተጉዘው ታይመስ ይገባሉ። እዚያ ኖች በተባለው መቀበያቸው በኩል በሚደርሳቸው ምልክት ቲ ሴል ወደመሆን ያመራሉ። ከዚያም እያንዳንዱ ጂኖቹን ቆራርጦ በመገጣጠም ጠላት የሚለይበትን መሣሪያ በእድል ይሠራል። (እድል ማለታችን በእኛ ዓይን ነው እንጂ ከአላህ ቀደር የሚወጣ የለም።) በዚህ መንገድ የገዛ አካሉን የሚወጋም ይፈጠራል።

ስለዚህ ይፈተናል። የአካሉን መታወቂያ ማንበብ ያልቻለ ይሞታል። ሁለተኛው ፈተና ይብሳል። የእጢው ሴሎች ኤር በተባለ ጂን አማካይነት የሌላውን ብልት ንብረት፣ የቆሽትን ኢንሱሊን ሳይቀር፣ አውጥተው ያሳዩታል። በዚያ ላይ አጥብቆ የተነሳ አብዛኛው ይጠፋል፤ ጥቂቱ ሌሎችን የሚያረጋጋ ዘብ ይሆናል። የ2025 የኖቤል የሕክምና ሽልማት የተሰጠው በእነዚሁ ዘቦች ላይ ለተደረገ ምርምር ነው። ከገቡት ውስጥ ከመቶ ከ90 የሚበልጡት ከታይመስ በሕይወት አይወጡም። ፈተናውን ሾልኮ የሚያልፍም አለ፤ ብዙ ጊዜ በልጅነት የሚጀምረው የስኳር በሽታ የእንዲህ ያሉት ሥራ ነው።

ይህ ሁሉ በቁርአን ተጽፏል ማለቴ አይደለም። በየግኝቱ ኋላ አያ የሚያሳድዱ ወንድሞች ነገ ሳይንሱ ሲታረም ምን ሊሉ ነው?

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሙእሚኖችን በአንድ አካል መስለዋል። ዛሬ ግን ሦስት ደርስ በስልኩ የሰማ ወጣት በአራተኛው ቀን አባቱን ሙብተዲዕ፣ የሰፈሩን ኢማም ካፊር ይላል። መሣሪያው ስለታም ነው፤ ወገኑን ግን ማንም አላሳየውም። አያቶቻችን በወሎ ሐሪማዎች ዓመታት ከሸኽ እግር ሥር ሲቀመጡ ኪታብ ብቻ አልነበረም የሚቀሩት፤ አደብና ዝምታም ነበር።

ታይመስ ከጉርምስና በኋላ እየመነመነ በስብ ይተካል። ልጆቻችንን መድረሳ የምንልክበት እድሜም አጭር ነው፤ በዚያች ጊዜ ስንት ሐዲስ እንደሸመደዱ እንጠይቃለን። የማይስማሙትን ሰው እንዴት ሰላም እንደሚሉ የሚፈትን ኡስታዝ ግን ስንት አለን?

ወላሁ አዕለም።