ልክን ማወቅ፦ ስለ መጨረሻዎቹ ጥቂት ኪሎዎች

በሀገራችን ደጋማ ሥፍራዎች፣ በተለይም በጉና ተራራ ዙሪያ በሚገኘው የደቡብ ጎንደር ምድር፣ የሰው መክሳትና መወፈር ከጥንት ጀምሮ ትርጉም ያለው ጉዳይ ነው። ከረጅም ጊዜ በኋላ የተገናኙ ዘመዳሞች ሰላምታቸውን ሳይጨርሱ አንዱ ሌላውን ከራስ እስከ እግሩ ተመልክቶ «ምነው ከሳህ? ምን አገኘህ?» ቢለው ስለ ጤናው መጨነቁ ነው። «ወፈር ብለሃል፣ ተመችቶሃል» ቢለው ደግሞ ደስታውን መግለጡ ነው። እህል በክረምት ከጎታ በሚያልቅበት አገር መክሳት ማለት ማጣት፣ መታመም ወይም ማዘን ነበርና ይህ አያስደንቅም።

ይሁን እንጂ ዛሬ በዚሁ ምድር ሌላ ዓይነት ትግልም ገብቷል። ኑሮው ከማሳ ወደ ቢሮና ወደ ሱቅ የተዛወረ፣ በእግሩ ይሄድ የነበረውን መንገድ በባጃጅ የሚያቋርጥ፣ ስኳር ያልበዛበት ሻይ የማይጥመው የከተማ ሰው እየበዛ ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሴቶች መካከል 22 በመቶ የሚሆኑት ከሚገባው በታች የከሱ ሲሆኑ፣ 8 በመቶ የሚሆኑት ደግሞ ከሚገባው በላይ ክብደት ነበራቸው። እንግዲህ በአንድ አገር፣ አንዳንዴም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ፣ አንዱ የሚበላው አጥቶ ሲከሳ ሌላው ለመክሳት ይታገላል። ይህ ራሱ ኅሊናን የሚነካ ነገር ነው። ሆኖም ሁለተኛውን ትግል እንደ ቅንጦት ቈጥረን ልናልፈው አይገባም፤ የስኳር በሽታና የደም ግፊት ቀልድ አይደሉምና።

ለመሆኑ ከዚህ ትግል ጋር ምን ዓይነት የምግባር ጥያቄ ይያያዛል? ነገሩን ለመረዳት አንዲት የደብረ ታቦር መምህርት በሐሳባችን እንሣል። ዕድሜዋ አርባ ስድስት ዓመት፣ ክብደቷም 84 ኪሎ ነው እንበል። ሐኪም በደሟ ውስጥ ያለው ስኳር ከልክ ማለፍ መጀመሩን ነግሯት ክብደቷን እንድትቀንስ መከራት። እርሷም 68 ኪሎ ለመድረስ ቈረጠች። ጣፋጩን ተወች፣ እንጀራውን ቀነሰች፣ ወደ ትምህርት ቤት በእግሯ መመላለስ ጀመረች። በዐሥር ወር ውስጥ 13 ኪሎ ቀንሳ 71 ደረሰች። ከዚያ ወዲህ ግን ሚዛኑ አልነቃነቅ አለ። የቀሩት ሦስት ኪሎዎች አራት ወር ሙሉ አልወርድ አሉ። መምህርቷ ጠዋትና ማታ ሚዛን ላይ ትወጣለች። ለቡሄ የተጋገረውን ሙልሙል ከልጆቿ ጋር አትቈርስም። እናቷ የዘረጉላትን ጉርሻ ፊቷን አዙራ ትመልሳለች። በክፍል ውስጥም በትንሹ በትልቁ ትቈጣለች። ጥያቄው እንግዲህ ይህ ነው፦ እዚህ ላይ መልካም ምግባር የሚባለው የትኛው ነው? እስከ መጨረሻው መጽናት ነው ወይስ ይበቃኛል ማለት?

ሰውነት ለምን እምቢ ይላል?

አስቀድመን ሰውነትን ያለ ጥፋቱ እንዳንከስሰው። ብዙ ሰው የመጨረሻዎቹ ኪሎዎች አልወርድ ሲሉ ምክንያቱን የፈቃድ ድካም ብቻ ያደርገዋል። በእርግጥ ከወራት ጥንቃቄ በኋላ መዘናጋት ይኖራል፤ የተቀነሰው ማዕድም ሳይታወቅ ቀስ በቀስ ይሞላል። ነገር ግን ሌላም ምክንያት አለ። በክረምት ጎታው እየጎደለ ሲሄድ አስተዋይ የቤት እመቤት ምን ታደርጋለች? እህሉ እስከ መኸር እንዲበቃ መስፈሪያውን ታሳንሳለች። ሰውነታችንም እንዲሁ ያደርጋል። የተከማቸው ስብ ሲቀንስ ክፉ ቀን የመጣ ይመስለውና ወጪውን ይቈጥባል። ከስብ የሚመነጨውና እ.ኤ.አ. በ1994 የታወቀው ሌፕቲን የተባለ ንጥረ ነገርም ስለሚያንስ ረኀብ ይበረታል። ከዚህም ሌላ 71 ኪሎ የሚመዝን ሰው 84 ኪሎ ከነበረበት ጊዜ ይልቅ ያነሰ ምግብ ይበቃዋል። በመጀመሪያው ወር ያከሳው የነበረው ማዕድ በዐሥረኛው ወር ልክ የሚበቃው ይሆናል ማለት ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ገደማ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945፣ አንሴል ኪስ የተባሉ ሊቅ በአሜሪካ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ወጣቶችን ይዘው ጥናት አድርገው ነበር። ወጣቶቹ በኅሊናቸው ምክንያት ጠመንጃ አንይዝም ያሉ፣ ነገር ግን በጦርነቱ የተራቡትን ለመርዳት የሚያስችል እውቀት እንዲገኝ ራሳቸውን በፈቃዳቸው ያቀረቡ ነበሩ። ለ24 ሳምንታት ምግባቸው በግማሽ ያህል ተቀንሶ ከክብደታቸው ሩብ ገደማውን አጡ። ሰውነታቸው በዕረፍት ጊዜ የሚያወጣው ኃይልም 40 በመቶ ያህል ቀነሰ። ጠባያቸውም ተለወጠ፤ ስለ ምግብ ብቻ የሚያስቡ፣ ቶሎ የሚቈጡና ከሰው የሚርቁ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ በአሜሪካ በቴሌቪዥን በተላለፈ የክብደት መቀነስ ውድድር የተካፈሉ 14 ሰዎችን ከስድስት ዓመት በኋላ መርምሮ፣ አብዛኞቹ የቀነሱትን ብዙውን መልሰው ሳለ ሰውነታቸው ግን ገና ይቈጥብ እንደ ነበር አሳይቷል።

ስለዚህ ሰውነት ጠላት አይደለም፤ አደራውን የሚጠብቅ የጎታ ዘበኛ ነው። መምህርታችን የምትፈልገውን ጤናም ዘበኛው ቈልፎ አላስቀረባትም። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የታተመውና ከ3,200 በላይ ሰዎች የተካፈሉበት የአሜሪካ ጥናት፣ ለስኳር በሽታ የተቃረቡ ሰዎች ከክብደታቸው 7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ሰውነታቸውን ለማንቀሳቀስ ሲጥሩ፣ በበሽታው የመያዛቸው አደጋ 58 በመቶ መቀነሱን አረጋግጧል። መምህርቷ 15 በመቶ ቀንሳለች። ሐኪሙ የተመኘላት ጥቅም በሦስቱ ኪሎዎች ውስጥ ተደብቆ የቀረ አይደለም።

ጾም የሚያስተምረን

ማዕድን መቀነስ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ሕዝባችን በጾም ያደገ ነው። ነገር ግን ጾምና ክብደት ለመቀነስ የሚደረግ ጥንቃቄ ከውጭ ሲታዩ ቢመሳሰሉም በአንድ ትልቅ ነገር ይለያያሉ። በሀገራችን ሥርዓት 55 ቀናት የሚቆየው ዐቢይ ጾም ከሁሉ የሚከብደው በመጨረሻው ሳምንት፣ በሰሙነ ሕማማት ነው። ይሁንና መጨረሻው የተወሰነው በቀን እንጂ በውጤት አይደለም። ጾመኛው «ገና አልበቃሁም» ቢልም ትንሣኤ ይመጣል፤ ማዕድም ይዘረጋል። ቀኑን የቈረጠው እርሱ ራሱ ስላልሆነ ሊያራዝመው አይችልም፤ በጾሙ ብርታትም ሊመካ አይገባውም። የሚዛን ቁጥር ግን በዓል የለውም። ሰውየው 68 ሲደርስ 66 ይሻላል የሚል ሐሳብ ይመጣበታል፤ ከዚያም 65። ደወል የሚደውልለት፣ «ና፣ አሁን ከወንድሞችህ ጋር ብላ» የሚለው የለም።

ሁለተኛው ልዩነት ከማዕዱ የተረፈው ወዴት ይሄዳል የሚለው ነው። በግዕዝ ተተርጉሞ በሀገራችን የኖረው የሄርማስ መጽሐፍ፣ ጾመኛ በዚያ ቀን ሊበላው የነበረውን ምግብ ዋጋ አስልቶ ለመበለት፣ ለወላጅ አልባ ወይም ለችግረኛ እንዲሰጥ ያስተምራል። በዚህ መሠረት ከአንዱ ገበታ የጎደለው በሌላው ገበታ ይሞላል። የሚኒሶታ ወጣቶችም ረኀብ ትርጉም ያገኘው ስለ ሌሎች በመሆኑ ነበር። ለራስ ብቻ የሚደረግ መክሳት ኃጢአት ነው ማለታችን አይደለም፤ ጤናን መጠበቅ ግዴታ ነውና። ነገር ግን በጎረቤት ቤት ጎታ ባዶ ሆኖ ሳለ፣ የእኛ ሐሳብ ሁሉ በሦስት ኪሎ ላይ ከተንጠለጠለ አንድ ነገር ተዛብቷል።

የአባቶች ምክር

ቅዱስ አውጉስጢኖስ በኑዛዜው ዐሥረኛ መጽሐፍ፣ ምግብን እንደ መድኃኒት ለመውሰድ ይታገል እንደ ነበር፣ ነገር ግን ከረኀብ ወደ ጥጋብ በሚወስደው መንገድ ላይ ፍትወት ወጥመድ እየዘረጋ፣ የሚጠይቀው የሰውነት ፍላጎት ይሁን ምኞት መለየት ያስቸግረው እንደ ነበር ይተርካል። በየቀኑ ልክን የመፈለግ ትግል የደካሞች ብቻ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን። ቅዱስ ቶማስ ዘአኩዊኖ ደግሞ የልከኝነት መመዘኛው የዚህ ሕይወት አስፈላጊ ነገር መሆኑን ያስተምራል። አእምሮ ለተፈጥሮ የሚያስፈልገውን እስኪነፍግ ድረስ ምግብን እንዲቀንስ አይፈቅድም። ማነስም እንደ መብዛት ሁሉ ከልክ መውጣት ነው።

ስለ ቅዱስ እንጦንስ የሚነገረውም ይህንኑ ያስረዳል። አንድ አዳኝ ቅዱሱ ከወንድሞች ጋር ሲጫወቱ አይቶ ቅር ተሰኘ። እርሳቸውም ቀስቱን እንዲገትር አዘዙት፤ ገተረው። ደግመው ደጋግመው አብዝቶ እንዲገትር ቢያዙት፣ ከልክ በላይ ከገተርሁት ይሰበራል ሲል መለሰ። ቅዱሱም የወንድሞች ነገር እንዲሁ መሆኑን አስረዱት። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም በቁጥር 2288 እና 2289 ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀምጣል፤ ሕይወትና ጤና ከእግዚአብሔር የተሰጡ ውድ አደራዎች ስለሆኑ በአግባቡ እንድንጠብቃቸው ያዝዛል፤ ወዲያውም የሰውነትን ፍጹምነት ጣዖት አድርጎ ሁሉን ለእርሱ መሠዋትን ይነቅፋል።

ሦስት መመዘኛዎች

ታዲያ መጽናትንና ማብቃትን በምን እንለያለን? ሦስት ጥያቄዎች ይረዱናል።

አንደኛው፦ ቁጥሩን ማን ቈረጠው? ለምንስ? ጉልበቱ ለታመመ ወይም ቀዶ ሕክምና ለሚጠብቀው ሰው ሐኪም በምክንያት የወሰነው ቁጥር ከሆነ፣ የቀረው ጥቂት ቢሆንም ሊጸናበት ይገባል። ቁጥሩ ከጓደኛ ወሬ፣ ከፎቶግራፍ ወይም ከሃያ ዓመት በፊት ከተሰፋ ቀሚስ የመጣ ከሆነ ግን ጌታ ሊሆንብን አይገባም።

ሁለተኛው፦ ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? የመምህርቷን ሦስት ኪሎ ተማሪዎቿ በቁጣ፣ እናቷም ባልተጎረሰ ጉርሻ እየከፈሉላት ከሆነ፣ ራስን መግዛት መስሎ የታየው ነገር ሌላውን ማስከፈል ሆኗል።

ሦስተኛው፦ ቁጥሩ ቢደረስ ምን ልሠራበት ነው? ግቡ ለጸሎት፣ ለሥራና ለፍቅር የተዘጋጀ ሰውነት ከሆነ፣ ያ ሰውነት ምናልባት ዛሬ በእጃችን አለ።

«ይህ ለስንፍና በር አይከፍትምን?» የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። ተቃውሞው ተገቢ ነው። በሁለተኛው ሳምንት የተባለ «ይበቃኛል» ብዙ ጊዜ የሆድ ድምፅ ነው። ነገር ግን ከብዙ ድካም በኋላ፣ ሐኪም አማክሮና ኅሊናን መርምሮ የሚባል «ይበቃኛል» ሥራን መተው ሳይሆን የሥራውን ዓይነት መለወጥ ነው። ወደ 71 የደረሰችው መምህርት ነገም በእግሯ ትሄዳለች፣ ነገም ስኳሩን ትቀንሳለች፤ አሁን ግን ለመውረድ ሳይሆን ባለችበት ለመቆየት ነው። ይህ ከመጀመሪያው የሚያንስ ትግል አይደለም። የሚቀንስ ሰው በየሳምንቱ «በርቺ» ይባላል፤ የሚጠብቅ ሰውን ግን ማንም አያመሰግነውም። የእውነተኛ ጽናት ፈተናም ያለው ምስጋና በሌለበት በዚህ ሥፍራ ነው።

ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን አንድ አደራ አለን። በየቁምስናችሁ ከምታስተምሯቸው ወጣቶች መካከል ከስተው ሳለ ገና አልከሳንም የሚሉ፣ ከማዕድ የሚሸሹና ይህንንም ጾም ብለው የሚሸፍኑ ቢገኙ፣ በርቱ አትበሏቸው፤ በተግሣጽም አታሸማቅቋቸው። ሕመም ሊሆን ይችላልና ቤተሰባቸው ወደ ሐኪም እንዲወስዳቸው በፍቅር ምከሩ። ስኳር ወይም የደም ግፊት ያለበትን ምእመን ደግሞ፣ ስለ ክብደቱ ከመቀለድ ይልቅ በሠርግና በክርስትና ድግስ ላይ «አፈር ስሆን» እያላችሁ ሳታስጨንቁት የሚበቃውን ያህል በልቶ በደስታ እንዲቀመጥ ፍቀዱለት። ልክን የሚያውቅ ሰው ልኩን የሚያከብርለት ማኅበር ያስፈልገዋል።

የደብረ ታቦር ከተማ በስም የምትጋራው ተራራ፣ በትውፊት ጌታችን ክብሩን ለሦስቱ ደቀ መዛሙርት የገለጠበት ነው። ቅዱስ ጴጥሮስ በዚያ ከፍታ ላይ ድንኳን ተክሎ መቅረት ወዶ ነበር። ጌታ ግን ይዟቸው ወረደ። ከሥር የጠበቃቸው የታመመ ልጅና የተጨነቀ አባት ነበሩ፤ ስለ ጸሎትና ስለ ጾም የተናገረውም በዚያ፣ በተራራው ግርጌ፣ ያን ልጅ ከፈወሰ በኋላ ነው። ጾምም ሆነ ልከኝነት ከተራራው ሥር ለሚጠብቀን ሰው የሚያዘጋጁን ናቸው። እንግዲህ የቀረችን ጥቂት ነገር ስታስጨንቀን፣ ምን ያህል ቀረኝ ከማለታችን በፊት፣ ማን እየጠበቀኝ ነው ብለን እንጠይቅ።