የማን ኪሳራ ይቅደም?

ከሳዑዲ አረቢያዋ ከተማ ኾባር ተነስቶ ባሕሬን የሚዘልቀው የንጉሥ ፋህድ ድልድይ 25 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። እ.ኤ.አ. በ1986 ከተከፈተ ወዲህ መንገደኛና ሸቀጥ እንደተመላለሰበት ሁሉ፣ ዕዳም በሁለቱ አገሮች መካከል ሲመላለስ ኖሯል። በ2009 ዋና መሥሪያ ቤታቸው ኾባር የሆነ ሁለት ትልልቅ የቤተሰብ ድርጅቶች፣ ሳዕድ ግሩፕና የአልጎሳይቢ ወንድማማቾች ድርጅት፣ ዕዳቸውን መክፈል አቃታቸው። የሁለቱ ዕዳ በድምሩ ከ20 ቢሊዮን ዶላር በላይ ይገመት ነበር። በባሕሬን ዋና ከተማ ማናማም የየራሳቸው ባንክ ስለነበራቸው፣ የባሕሬን ማዕከላዊ ባንክ በዚያው ዓመት አዋል ባንክንና ዘ ኢንተርናሽናል ባንኪንግ ኮርፖሬሽንን በሞግዚት አስተዳደር ሥር አደረጋቸው። ባሕሬን ትንሽ አገር ናት። ንግዷም ባንኳም ለውጭው ክፍት ነው፤ የዲናሯም ምንዛሪ 1 ዶላር በ0.376 ተብሎ ተወስኗል። ጎረቤት ሲደነግጥ እሷ የምትሸሸግበት የላትም።

የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች እንዲህ ያለች አገር ምን ታድርግ ብለው ይከራከራሉ። ከዚያ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ ግን አለ፤ እሱም የሃይማኖትና የፍልስፍና ጥያቄ ነው። የጠፋው ገንዘብ ከማን ድርሻ ይቀነስ? ኢትዮጵያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብርን ምንዛሪ ለገበያ ስትለቅ፣ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ፤ ጫናውም ከውጭ የመጣ ዕቃ በሚገዛው ሁሉ ላይ ተበተነ። የሳዑዲ ሪያል ግን እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ 1 ዶላር በ3.75 ላይ ቆሟል። እ.ኤ.አ. በ2014 አጋማሽ ከ100 ዶላር በላይ የነበረው አንድ በርሜል ነዳጅ እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ ከ30 ዶላር በታች ሲወርድ እንኳ ሪያል አልተነቃነቀም። ይህ ለሠራተኛውም በጎ ነገር ነው፤ ደማም የምትሠራ እህት ወደ አገር ቤት የምትልከው ገንዘብ ከነዋጋው ቆየላት። ነገር ግን ምንዛሪው ያልተሸከመውን ሌላ መሸከሙ አይቀርም። የሳዑዲ መንግሥት ለተቋራጮች የሚከፍለውን አዘገየ፤ ተቋራጮችም ደመወዝ አዘገዩ። ኾባር ውስጥ፣ ከ2009 ጀምሮ ዕዳው ሲያናጋው የቆየው የሳዕድ ግሩፕ ሠራተኞች ለወራት ያለ ደመወዝ ቆዩ። በ2017 ደግሞ የውጭ አገር ሠራተኛ አብሮት ለሚኖር ለእያንዳንዱ የቤተሰቡ አባል በወር 100 ሪያል እንዲከፍል ተደነገገ፤ ይህም በየዓመቱ እያደገ በ2020 400 ደረሰ። ምንዛሪው ጸና፤ ኑሮው የተናጋው ግን በውሳኔው ላይ ድምፅ ያልነበረው ሰው ነው።

እኔ የምለው ምንዛሪው ይፍረስ አይደለም። ኪሳራ ሲመጣ ተራ ሊኖረው ይገባል፤ ደመወዝም ከተራው መጨረሻ መሆን አለበት። ባንክ ሲያበድር ገንዘቡ ሊጠፋ እንደሚችል አስልቶ ዋጋውን በወለድ ወይም በትርፍ ድርሻ አስቀድሞ ይቀበላል፤ መያዣም ይጠይቃል። ሠራተኛ ግን ሠላሳ ቀን ሙሉ ጉልበቱን ያበድራል፤ ለዚህ ብድር ወለድ የለውም፣ መያዣም የለውም፣ ላለማበደር ምርጫም የለውም። ለአደጋው የተከፈለው ሰው እያለ ያልተከፈለው መቅደሙ ግፍ ነው። ይህን ለማለት ከባሕር ማዶ ፈላስፋ መጥራት አያስፈልግም። የሙሴ ሕግ የድሃ ሠራተኛ ደመወዝ አሠሪው ዘንድ እንዳያድር ያዝዛል፤ ኢብን ማጃህ በዘገቡት ሐዲስም ነቢዩ ሙሐመድ ክፍያው እንዳይዘገይ አጥብቀው አዘዋል። የእስልምና ሕግ ሊቃውንትም ትርፍ የሚገባው ኪሳራውንም ለሚሸከም ነው የሚል መርህ አላቸው። መስጊድ ሲሰበክ የሚሰማው ቃል ድርጅት ሲከስር መዘንጋት የለበትም።

ሁለት ተቃውሞ ይነሳል። አንደኛው፣ ሠራተኛው አደጋውን አውቆ፣ ከአገሩ የተሻለ ደመወዝ ፈልጎ መጥቷል የሚል ነው። ፈቃድ ሙሉ የሚሆነው ግን መውጫ ሲኖር ነው። ኢቃማው (የመኖሪያ ፈቃዱ) በካፊሉ (በዋሱ አሠሪ) እጅ ያለ ሰው ክፍያ ሲቀርበት በቀላሉ ወደ ሌላ አሠሪ መሄድ አይችልም ነበር። በ2021 ሳዑዲ አረቢያ ይህን አላላች፤ መልካም እርምጃ ነው። የቤት ሠራተኞች ግን ከማሻሻያው ውጭ ቀሩ፤ እዚያ ካሉት ኢትዮጵያውያን ሴቶች እጅግ ብዙዎቹ ደግሞ የሚሠሩት በሰው ቤት ነው። ሁለተኛውና ከባዱ ተቃውሞ፣ አበዳሪዎች ከከሰሩ ብድር ይደርቃል፣ አስቀማጭ ይሸሻል፣ ሥራም ይጠፋል፤ ስለዚህ ባንክን ማዳን ሠራተኛን ማዳን ነው የሚል ነው። በዚህ ውስጥ እውነት አለ፤ ባንኮች በጅምላ ሲወድቁ መጀመሪያ የሚራበው ድሃ ነው። የ2009ኙ ምስክርነት ግን ሌላ ነው። አበዳሪዎች ገንዘባቸውን ለማግኘት ዓመታት በፍርድ ቤት ቢንከራተቱም ዲናር ከ0.376 አልተነቃነቀም፤ ባሕሬንም የገንዘብ ማዕከልነቷን አላጣችም። አበዳሪ የቻለውን ኪሳራ፣ ቤት ኪራይ የቆመበትና ልጆቹ ገንዘብ የሚጠብቁት ሰው አይችለውም። አበዳሪው ያጣው ከሀብቱ ላይ ነው፤ ሠራተኛው የሚያጣው የወሩን ኑሮ ነው።

ይህም ሊደረግ የማይቻል ምኞት አይደለም። ሳዑዲ አረቢያ በ2024 አሠሪ መክፈል ሲያቅተው የውጭ አገር ሠራተኛን ደመወዝ የሚሸፍን መድን ጀምራለች። የኢትዮጵያ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ጋር በሚዋዋልበት ጊዜ ሁሉ ስለሚላከው ሰው ብዛት ከመነጋገሩ በፊት ይህን ያስቀድም፤ አሠሪ ሲከስር ደመወዝ ከማንኛውም አበዳሪ በፊት እንዲከፈል፣ የቤት ሠራተኛም በዚህ ሙሉ በሙሉ እንድትካተት በውሉ ያስጽፍ።