በጓዳ የሚሸጥ ቤት

ቤቱን ሊሸጥ የቆረጠ ሰው ለማያውቀው ሰው የመንገር ዕዳ አለበት ወይ? ቶሎ የሚመጣልን መልስ “የለበትም” የሚል ነው። ንብረቱ የራሱ ነው፤ ለፈለገው ይሸጣል፣ ካልፈለገ ይተወዋል። ይህ መልስ ነገሩን በግማሽ ያየ ይመስለኛል። ባለቤት ገዢውን የመምረጥ መብት እንዳለው እቀበላለሁ። ቤቱን ለገበያ ካወጣ በኋላ ግን ገበያ መኖሩን ከከፊሉ ሰው የመደበቅ መብት ከባለቤትነት አይወለድም። ክርክሩ የሚምታታው ሁለቱ እንደ አንድ ተደርገው ስለሚቀርቡ ነው።

ጉዳዩ ዛሬ በጦፈ ሁኔታ የሚያከራክረው በአሜሪካ ነው። እዚያ ሻጭ ኤጀንት ሲይዝ ቤቱ በተለምዶ ኤምኤልኤስ ወደሚባለው የአካባቢው የጋራ መዝገብ ይገባል። መዝገቡን የተፎካካሪ ድርጅቶች ኤጀንቶች ሁሉ ያዩታል፤ ከዚያ አልፎ በዚሎው ድረ ገጽ ማንም ሰው ከስልኩ ላይ ያገኘዋል። ሁለተኛው መንገድ ፖኬት ሊስቲንግ የሚሉት ነው፤ ቤቱ ለሽያጭ ቀርቧል፣ የሚያውቁት ግን የኤጀንቱ ደንበኞች ወይም የአንድ ድርጅት ሰዎች ብቻ ናቸው። የሪልተሮች፣ ማለትም የቤት ሽያጭ ኤጀንቶች፣ ብሔራዊ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ደንብ፣ ለሕዝብ የተዋወቀ ቤት በአንድ የሥራ ቀን ውስጥ መዝገብ እንዲገባ አዘዘ፤ በአንድ ድርጅት ውስጥ ብቻ የሚዞረውን ግን ፈቀደ። በማርች 2025 ደግሞ ሻጩ ከፈለገ ቤቱ በድረ ገጾች ላይ መታየቱ እንዲዘገይ አማራጭ ጨመረ። ቤቶችን አስቀድሞ በራሱ ኤጀንቶች ዘንድ የሚያዞረው የደላላ ድርጅት ኮምፓስ፣ እንዲህ ያሉ ቤቶችን ከገጹ እንደሚያስወጣ ያስታወቀውን ዚሎውን በዚያው ዓመት ከሰሰ። ሁለቱም የተሟገቱት ለኪሳቸው ስለሆነ ማንኛቸውንም እንደ ጻድቅ መቁጠር አያስፈልግም።

በጓዳ ሽያጭ የሚጎዳው ማን ነው? ሊገዛ መጥቶ “ለአንተ አይሸጥም” የተባለ ሰው መበደሉን ያውቃል፤ ምስክር ይጠራል፣ ይከሳል። ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለ በሳምንቱ፣ በኤፕሪል 1968 የተፈረመው የፍትሐዊ መኖሪያ ሕግ የቆመው በዚህ ላይ ነው። በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖት ወይም በትውልድ አገር ምክንያት አልሸጥም ማለትን ብቻ ሳይሆን፣ በዚሁ ምክንያት ያለውን ቤት “የለም” ብሎ መዋሸትንም ይከለክላል። ሕግ አውጪዎቹ ሰውን ከሰፈር ለማስቀረት በር መዝጋት እንደማያስፈልግና በሩ መኖሩን መደበቅ እንደሚበቃ ገብቷቸው ነበር። ያልተነገረው ሰው ግን የተዋሸው ሰው ያለው እንኳ የለውም፤ የሚከሰው የለም፤ የሚያነሣው ቀን፣ የሚጠቅሰው ንግግር የለም። ለዚህ ደግሞ የማንም ክፋት አያስፈልግም። ኤጀንቱ ለሚያውቃቸው ይነግራል፤ የሚያውቃቸውም በብዛት ትናንት የሸጠላቸውና የእነርሱ ወዳጆች ናቸው። ስለዚህ ሰፈሩ ትናንት የማን እንደነበረ ነገ የማን እንደሚሆን ይወስናል። ከአዲስ አበባ ወጥቶ በአሜሪካ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ ቤት የሚፈልግ ሰው በዚያ ክበብ ውስጥ የለም። የራሳችንም ሰዎች በቤተ ክርስቲያን ደጅና በቡና ላይ ወሬውን ለወገን ብቻ እንደሚያደርሱ መካድ አይቻልም፤ ተጠቃሚው ስለተቀየረ ግን አሠራሩ አልተቀየረም።

የጥንት ሰዎች ይህን አስበውበታል። አብርሃም የመክፌላን ዋሻ በ400 ሰቅል ብር የገዛው በከተማይቱ በር፣ የኬጢ ልጆች ሁሉ እየሰሙ ነበር። የሩት መጽሐፍ ታሪክ ደግሞ ከዚህ ጠልቆ ይሄዳል። ቦዔዝ የኑኃሚንን መሬት ሊቤዥ፣ ሩትንም ሊያገባ ይፈልጋል፤ ከእርሱ የሚቀርብ ዘመድ እንዳለም ያውቃል። ዝም ቢል ማን ይጠይቀው ነበር? እርሱ ግን በከተማይቱ በር ተቀምጦ አሥር ሽማግሌዎችን ጠራ፤ መሬቱ እንደሚሸጥ ለዚያ ለተቀናቃኙ ነገረው። ሰውየውም በመጀመሪያ “እቤዠዋለሁ” አለ። ቦዔዝ እውነት በመናገሩ የሚፈልገውን ሁሉ ሊያጣ አፋፍ ላይ ደርሶ ነበር። በኋላ ያ ዘመድ ሲተወው ቦዔዝ ያገኘው ነገር ማንም የማይከራከርበት ሆነ። በእስልምናም ነቢዩ ሙሐመድ ነጋዴዎች ገበያ ሳይደርሱ መንገድ ላይ ወጥቶ መግዛትን እንደከለከሉ በሐዲስ ተዘግቧል፤ ባለ ዕቃው ገበያ ገብቶ ዋጋውን ሲያውቅ ሽያጩን የማፍረስ ምርጫ አለው። እዚህ ላይ የሚጠበቀው ራሱ ሻጩ ነው፤ የዕቃውን ዋጋ ሳያውቅ ዐዋቂ ቀድሞ እንዳይነጥቀው።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። እነዚሁ ሃይማኖቶች ለባዕድ እኩል ዕድል አልሰጡም። በአይሁድ ሕግ የድንበር ጎረቤት ከሌላ ገዢ ይቀድማል፤ በእስልምናም ሹፍዓ የሚባለው መብት ለባለ ድርሻ፣ በአንዳንድ የሕግ መዝሀብም ለጎረቤት፣ ቅድሚያ ይሰጣል። ቦዔዝም ቢሆን የነገረው ለዘመድ ነው። እውነት ነው። ነገር ግን ይህ ቅድሚያ በአደባባይ የታወቀ፣ ማን እንዳለው አስቀድሞ የተነገረና በዳኛ ፊት ሊሟገቱበት የሚቻል ነበር። የዛሬው ፖኬት ሊስቲንግ ቅድሚያ ይሰጣል፣ ለማን እንደሰጠ ግን አይናገርም። ፈላስፋው ካንት እ.ኤ.አ. በ1795 ስለ ዘላለማዊ ሰላም በጻፈው ድርሰት፣ የሌላውን መብት የሚነካ ሥራ መርሑ በይፋ መነገር የማይችል ከሆነ ፍትሐዊ አይደለም የሚል መለኪያ ያቀርባል። ኤጀንቱ በግቢው ላይ “ለምናውቃቸው ሰዎች ብቻ የሚሸጥ” የሚል ሰሌዳ ይተክላል? አይተክልም፤ ያፍራል።

ሌሎች ደግሞ የአደባባዩ መዝገብ ራሱ ንጹሕ እጅ የለውም ይላሉ። ልክ ናቸው። የሪልተሮቹ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1924 ያወጣው የሥነ ምግባር ደንብ፣ መገኘቱ የቤቶችን ዋጋ ይቀንሳል የተባለን ዘር ወይም ዜጋ ወደ ሰፈር እንዳያስገቡ አባላቱን ያዝዝ ነበር። ጥቁር ደላሎች ከማኅበሩ ስለተገለሉ በ1947 የራሳቸውን ለማቋቋም ተገደዱ። ግን ይህ ታሪክ የሚመሰክረው ለማን ነው? ያኔ መዝገቡን ክፉ ያደረገው ጥቂቶች ብቻ የሚያዩት መሆኑ ነው። ያ ገበያ ይፋ ሳይሆን ሰፊ ጓዳ ነበር።

ስለ ዋጋ የሚቀርበው ማስረጃ የተጠበቀውን ያህል አይረዳም። ኮምፓስ አስቀድመው በውስጥ የዞሩ ቤቶች በ2.9 በመቶ በበለጠ ዋጋ ተሸጡ ይላል፤ ዚሎው ደግሞ ከመዝገቡ ውጪ የሸጡ ሰዎች ወደ 5,000 ዶላር አጥተዋል ይላል። ሁለቱም ባለ ጉዳይ ናቸው። የማያከራክረው ነገር ሌላ ነው፤ በድርጅቱ ውስጥ ገዢ ከተገኘ የሁለቱም ወገን ኮሚሽን እዚያው ይቀራል። ስለዚህ “ለአንቺ የሚሻለው በጓዳ መሸጥ ነው” የሚለው መካሪ በምክሩ ራሱ ይጠቀማል። ከዋጋ ይልቅ የሚከብደኝ የደኅንነት ጉዳይ ነው። የሚያሳድዳት የቀድሞ ባል ያለባት ሴት፣ የሚሞት ሰው በአልጋ ላይ ያለበት ቤት፣ ፊቱ የታወቀ ሰው፤ እነዚህ የመኝታ ክፍላቸው ፎቶ በየስልኩ እንዳይዞር ቢፈልጉ ማንም ሊወቅሳቸው አይገባም። ነገር ግን ፎቶን መደበቅና ሽያጩን መደበቅ የግድ አብረው አይሄዱም። ቤቱ እንደሚሸጥ፣ በየትኛው ሰፈርና በምን ዋጋ እንደሆነ አስታውቆ፣ ጉብኝቱን በቀጠሮ ብቻ ማድረግ ይቻላል።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የደግ ሻጭ ነው። አንዲት መበለት ቤቷን ጥሬ ገንዘብ ይዞ ለሚመጣ ባለሀብት ሳይሆን ለምታውቃቸው ወጣት ባልና ሚስት በርካሽ ልትሸጥ ትፈልጋለች። የአደባባይ ጨረታ ይህን ደግነት አያጠፋውም? እዚህ ልዩነቱ ግልጽ መሆን አለበት። ሴትዮዋ ለገበያ አልወጣችም፤ ስጦታ ቀላቅላ ለሰው ሰጠች፤ የሚያስጠይቃትም የለም። ለገበያም ከወጣች ከፍተኛውን ዋጋ እንድትቀበል መዝገቡ አያስገድዳትም። እኔ የምቃወመው በመካከል ያለውን ነው፤ ቤቱ እንደ ሸቀጥ በዋጋ እየተሞከረ፣ ገዢ እየተፈለገለት፣ ለተመረጡ ብቻ የሚታይበትን።

በ2025ቱ አማራጭ መሠረት ሻጩ ቤቱ ወዲያው በይፋ ቢታይ የሚያገኘውን ጥቅም እያወቀ እንደተወ ይፈርማል። ወረቀቱ ለሻጩ ጥሩ ጥበቃ ነው፤ ዋጋው የእርሱ ስለሆነ ሊተወው ይችላል። ያልተነገረውን ገዢ ዕድል በተመለከተ ግን በእርሱ ስም የሚፈርም የለም። ቅጹ ቤቱ በጓዳ የሚቆየው ለምን እንደሆነና ለስንት ቀን እንደሆነ የሚያስጽፍ መስመር ቢኖረው፣ መዝገቡን የሚቆጣጠረው አካል ቢያንስ የምትሳደደዋን ሴት ቤት ከዋጋ ሙከራው መለየት ይችል ነበር።