ድምፅ ዝቅ ሲል ማን ፈረደ?

ስለ ደቡብ ቆላ የሚሠሩ የቴሌቪዥን ዘገባዎች የለመድነው አካሄድ አላቸው። አንድ የቦረና ሽማግሌ ግራር ጥላ ሥር ተቀምጠው በኦሮምኛ መናገር ይጀምራሉ፤ ሁለት ሦስት ቃል እንደሰማን ድምፃቸው ይሰምጥና አማርኛ ተርጓሚ ይተካቸዋል። አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ እጃቸው ነገር ይቆጥራል፣ የምንሰማው ግን ሌላ ሰው ነው። ይህን ያደረገው ኤዲተሩ ነው፤ ኮምፒውተሩ ላይ የድምፁን መስመር ይዞ ሃያ ዴሲቤል ያህል ወደ ታች ጎትቶታል። ሃያ ዴሲቤል ሲቀነስ የሞገዱ ከፍታ አንድ አሥረኛ ሆኖ ይቀራል፤ ለጆሮም ሩብ ገደማ ይሆናል። ባለሙያው «ሌቭል አስተካከልኩ» ይላል። እኔ ግን ፈረደ ባይ ነኝ፤ ፍርድ ከሆነ ደግሞ ምክንያቱ ይጠየቃል።

«መለኪያ አለን እኮ» መባሉ አይቀርም። እርግጥ ነው፣ በስክሪኑ ዳር አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ እያለ የሚወጣና የሚወርድ መለኪያ አለ። ጣሪያው ዜሮ ነው፤ በቀረጻ ጊዜ ዜሮን ያለፈ ድምፅ ጫፉ ይቆረጣል፣ የተቆረጠውን ኋላ ዝቅ በማድረግ መመለስ አይቻልም። የአውሮፓ ብሮድካስተሮች ኅብረትም ማስታወቂያው ከፕሮግራሙ በላይ እየጮኸ ተመልካች ስላማረረ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የስርጭት ድምፅ በአማካይ ከጣሪያው 23 አሃድ ዝቅ እንዲል ደንብ አወጣ። ይህ ሁሉ ደግ ነው። መለኪያው ግን የሚያውቀው ጉዳትን እንጂ ዋጋን አይደለም። በመጽሐፈ ሳሙኤል ሐና በልቧ ስትጸልይ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር፣ ድምፅዋ ግን አይሰማም፤ ካህኑ ዔሊ የሰከረች መሰለው። ልኬቱ ትክክል ነበር፣ ድምፅ አልነበረም። የሳተው ከልኬት ወደ ፍርድ ሲሻገር ነው። ቁርኣንም በሱረቱል ኢስራእ በሶላት ድምፅ እጅግ ከፍ እጅግም ዝቅ ሳይደረግ መካከለኛው መንገድ እንዲያዝ ያዛል። መካከለኛው ያስፈለገው አላህ እንዲሰማ አይደለም፤ ሙፈሲሮች (የቁርኣን አብራሪ ሊቃውንት) እንደሚያስረዱት ነገሩ በዙሪያው ያሉትን ሰዎች የሚመለከት ነው። ልኩን የሚወስነው በተናጋሪና በሰሚ መካከል ያለው ጉዳይ ነው ማለት ነው።

ታዲያ ፍትሑ ሁሉንም እኩል ማሰማት ይሆን? ሶፍትዌሮቹ ለዚህም አንድ ቁልፍ አላቸው። ቱላ የሚባሉት የቦረና ጥልቅ የውሃ ጉድጓዶች ግን ይህን መልስ ያፈርሱታል። በዱብሉቅ ከብት ሲጠጣ ወጣቶች ከጉድጓዱ ወለል እስከ ገንዳው አንዱ ከሌላው በላይ ቆመው፣ ውሃ የሞላውን ኦኮሌ (መቅጃ) እየዘፈኑ ይቀባበላሉ። የታችኛው ድምፅ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ደብዝዞ ይወጣል፤ ገንዳው አጠገብ ያለው ጥርት ብሎ ይሰማል። ቁልፉን ተጭናችሁ ሁለቱን እኩል ብታደርጉ የታችኛው ሰው ከነማስተጋባቱ ላይ ይወጣል፣ ጉድጓዱም ጥልቀቱን ያጣል። በየስምንት ዓመቱ ሕግ የሚመከርበትን የቦረና ጉባኤ፣ ጉሚ ጋዮን፣ ስንቀርጽ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ማይኩ ከፊት ከተቀመጡት ዘንድ ስላለ ከኋላ የተነሣው ሰው ቀጥኖ ይሰማል፤ ቅጥነቱ የማይኩ እንጂ የጉባኤው አይደለም፣ ስፍራው ላይ ሰዎች ሰምተውታልና። እንግዲህ የምለው ይህ ነው፦ መሣሪያው ያሳነሰውን ከፍ አድርጉ፤ ቦታው ያሳነሰውን ተዉት።

«የትኛው የመሣሪያ፣ የትኛው የቦታ እንደሆነ በምን ይታወቃል? ማይክን አንድ ቦታ መትከልስ ራሱ ምርጫ አይደለም?» የሚል ይኖራል። ምርጫ ነው። ሁሉን አለማወቅ ግን ምንም አለማወቅ አይደለም፤ ቀራጩ ስፍራው ላይ ቆሞ ሰምቷል፣ ያልነበረ ኤዲተር ደግሞ ደውሎ ይጠይቃል። ሞያሌ መንገድ ዳር በስልኩ የሚያይ ሰው ደብዛዛውን አይሰማም መባሉም ልክ ነው፤ ቢሆንም ድምፁን ከመጨመር በፊት የቆላውን ነፋስ ጉምጉምታ መቀነስ ይቀድማል፣ ብዙ ጊዜም እሱ ብቻ ይበቃል። ከባዱ ተቃውሞ የትርጉሙ ነው፦ አማርኛ ሰሚው ካልገባው ሽማግሌው ቢሰሙስ ምን ዋጋ አለው? ፊልም ሠሪው ዴቪድ ማክዱጋል የዩጋንዳ ጂዬ አርብቶ አደሮችን በቀረጸበት፣ እ.ኤ.አ. በ1972 በወጣው ፊልሙ የሰዎቹን ንግግር በሌላ ድምፅ ሳይሸፍን ከሥር በጽሑፍ ተርጉሞታል፤ ኋላም ከሌላው ፊልም ሠሪ ከጄምስ ብሉ ጋር ኬንያ ያሉትን ቦረናዎች ቀርጿል። ጽሑፍ ግን ማንበብ ለማይችለው ተመልካች አይሠራም፣ የሱ ቁጥር ደግሞ ትንሽ አይደለም። ስለዚህ የተርጓሚ ድምፅ ይቅር አልልም። የምጠይቀው ሽማግሌው የጀመሩትን ዐረፍተ ነገር እንዲጨርሱና ከዚያም በኋላ ድምፃቸው ኦሮምኛ የሚያውቅ ሰው በሚከተለው መጠን ከሥር እንዲቆይ ነው። ነጌሌ ቦረና ሻይ ቤት ውስጥ ኦሮምኛም አማርኛም የሚሰማ ሞልቷል፤ ሃያ ዴሲቤል ሲጎተት ትርጉሙ ልክ መሆኑን ሊያጣራ የሚችለው ይህ ሰው ተዘጋበት፣ ሽማግሌውም ያላሉትን «ብለዋል» ቢባል የሚመሰክርላቸው አጡ።