መቋሚያና የድካም ዋጋ

ሥራን ከሠራተኛው አካልና አእምሮ ጋር የማስማማት ጥናት፣ ማለትም ኤርጎኖሚክስ፣ ስሙን ያገኘው «ሥራ» እና «ሕግ» ከሚሉ የግሪክ ቃላት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1949 በእንግሊዝ፣ በ1957 ደግሞ በአሜሪካ የሙያ ማኅበራት ተመሥርተውለታል። ሰው ለመሣሪያው ሳይሆን መሣሪያው ለሰው ይበጅ የሚለው መርሓቸው ከሙያም አልፎ የሃይማኖት ጥያቄ ያስነሣል፤ ድካም እንደ መሥዋዕት በሚቆጠርበት ቦታ ድካምን ማቅለል መሥዋዕቱን ያጎድለዋልን?

በቤተ ክርስቲያን መልሱ በእጅ የሚያዝ ነው። በጋይንት፣ የድጓ ማስመስከሪያ በሆነችው ቤተልሔምና የዝማሬና መዋሥዕት ማስመስከሪያ በሆነችው ዙር አምባ፣ ሊቃውንቱ ሌሊቱን በማኅሌት ቆመው የሚያነጉት መቋሚያ ተደግፈው ነው። መቋሚያ የላይ ጫፉ ግራና ቀኝ የተዘረጋ ረጅም ዘንግ ነው፤ የደከመው መዘምር ይህን ጫፍ ብብቱ ሥር አስገብቶ፣ ነጠላውን በመካከል አጥፎ፣ አንድ እግሩን ያሳርፋል፤ ዝማሜው ሲጀመር ግን ያው ዘንግ ከብብት ወጥቶ ከዜማው ጋር ወዲያና ወዲህ ይላል። መቋሚያው መቆምን አላስቀረም፤ እንዲያውም አስረዘመው። ስለዚህ የሚቀለው ጉዳቱ እንጂ ስጦታው አይደለም።

ይህ ፍርድ ግን በፈቃድ ለተሰጠ ድካም ብቻ የሚሠራ ነው። በስማዳ ከሸለቆ ምንጭ ጀሪካን በገመድ አዝላ ዳገት የምትወጣ ሴት ድካሟን ለማንም አልተሳለችም፤ ገመዱ ትከሻዋን ሲቆርጠው ትዕግሥቷን ማመስገን፣ መቋሚያ ሊሰጧት ሲገባ ቁሚ ብሎ እንደ ማለፍ ያለ በደል ነው።